ቀይ መብራቱ አለ፣ አረንጓዴው አይቆይም፦ ቺፕ ያለው ፕሌይስቴሽን 2 አልነሳም ሲል

ጥያቄው ከኮምቦልቻ ነው የመጣው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ ሰላም ነዎት? የወንድሜ ፕሌይስቴሽን 2 አለኝ፤ ወፍራሙ ዓይነት። ጀርባው ላይ ኤስሲፒኤች-39001 ይላል። ወንድሜ ከጂዳ ነው የላከው። ሲመጣ የተቀዳ ዲስክ የሚያጫውት ቺፕ ነበረው፣ በኋላ ሃርድ ዲስክ ተጨመረበት። 220ውን ወደ 110 በሚቀንስ ትራንስፎርመር ነው የምንሰካው። ባለፈው ወር እየተጫወትን መብራት ሄደ፤ ወዲያው መጣ። ከዚያ ወዲህ ቀዩ ይበራል፤ ስጫነው አረንጓዴ ብልጭ ይልና ወደ ቀይ ይመለሳል። ያሳየሁት ሰው ቦርዱ ሞቷል፣ ለመለዋወጫ ሽጠው አለኝ። ወንድሜ የጀመራቸው ጨዋታዎች እዚያው ውስጥ ናቸው። ተስፋ ያለው ይመስልዎታል?»

አብሽር ወንድሜ። ተስፋ አለው። እንዲያውም ተስፋ የሚሰጠኝ ያ አንተን ያስፈራህ ነገር ነው፤ ብልጭ ብሎ የሚመለሰው አረንጓዴ።

ከሁሉ በፊት ግን የወንድምህን ጨዋታዎች እናድን። ማሽኑ ይነሳም አይነሳም እነሱ መትረፍ ይችላሉ። በፕሌይስቴሽን 2 የተጀመረ ጨዋታ የሚቀመጠው በአብዛኛው ከፊት በኩል በምትሰካው በ8 ሜጋባይቷ ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው። ቦርዱ ላይ አይደለም። ካርዷን ነቅለህ ፕሌይስቴሽን 2 ያለው ጓደኛ ጋ ሂድ። ያለ ዲስክ አስነሳው፣ ካርዷን ክፈት፣ የጨዋታዎቹን ምልክት ታያለህ። ሌላ ካርድ ካገኘህ እዚያው ቅዳቸው፤ አብዛኞቹ ይቀዳሉ። አንድ ነገር ብቻ አስተውል። ጨዋታ ከሃርድ ዲስክ የሚያስነሳውን ፕሮግራም ያስገባልህ ሰው እንደ ሚሞሪ ካርድ የሚያገለግል «ምናባዊ ካርድ» ሃርድ ዲስኩ ላይ ፈጥሮ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ የወንድምህ ጨዋታ ዲስኩ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ሃርድ ዲስኩን ማንም ሰው ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ «ፎርማት ላድርገው?» ሲለው እሺ እንዳይል። ፕሌይስቴሽን 2 ዲስኩን የሚከፋፍለው በራሱ መንገድ ስለሆነ ዊንዶውስ አያውቀውም። ባዶ ይመስለዋል፣ ላዘጋጀው ወይ ብሎ ይጠይቃል። እሺ ካልከው ሁሉም ይጠፋል። እዚህ ደሴ ውስጥ በዚህች አንዲት «እሺ» የዓመታት ጨዋታ የጠፋበት ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደ መብራቱ እንመለስ። በወፍራሙ ማሽን ቀይ ማለት ኃይል ደርሷል፣ ማሽኑ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ምንም ካልበራ ኃይሉ ቦርዱ ጋ አልደረሰም። ያንተ ቀይ ይበራል። ስለዚህ ትራንስፎርመሩም፣ ማሽኑ ውስጥ ያለው ኃይል ሰጪ፣ ፓወር ሰፕላዩም፣ ፈጽመው አልሞቱም። ስትጫነው ደግሞ አረንጓዴ ይሆናል። ቁልፉ ትእዛዙን አድርሷል፣ ማሽኑም ሊነሳ ሞክሯል። ከዚያ ወይ አንድ ነገር ከልክ በላይ ኃይል ሳበበት፣ ወይ ኃይሉ ራሱ አነሰውና ተመልሶ ዘጋ። ቦርድ ተበላሽቶም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፤ አልዋሽህም። ግን እንዲህ ያለ ማሽን ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቦርዱን አይደለም። ሰው የጨመረበትን ነው።

ይሄ ማሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ቀርቦ እስከ 2013 መጀመሪያ ድረስ ሲመረት የኖረ ነው። በዓለም ላይ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ዛሬም በየጌም ቤቱ ሲሠራ የምታየው ቦርዱ ጠንካራ ስለሆነ ነው። ያንተ ላይ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ያልነበሩ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ትራንስፎርመሩ፣ ሃርድ ዲስኩና ቺፑ። እነዚህን አንድ በአንድ አስወግደህ ማሽኑን እንደተወለደ ሳታየው «ሞቷል» ማለት ለእኔ ምርመራ አይደለም። ያሳየኸው ሰው እነዚህን ነቅሎ ሞክሮ ከሆነ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ከጻፍከው ግን ነቅሎ የሞከረ አይመስለኝም።

ከትራንስፎርመሩ እንጀምር፤ ማሽኑን መክፈት አይጠይቅም። የቁጥሩ መጨረሻ 1 መሆኑ ማሽኑ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ መሆኑን ይነግርሃል፤ የሚፈልገው 120 ቮልት ነው። መጨረሻው 4 ቢሆን ኖሮ የአውሮፓ ነው፣ በእኛ 220 ይሠራ ነበር። 0 ከሆነ የጃፓን ነው፣ 100 ቮልት ነው የሚፈልገው። ወንድምህ ጂዳ ላይ ያለ ችግር የተጫወተበትም ምክንያት ይኸው ነው። ሳውዲ ብዙ ቤቶች ውስጥ ለረጅም ጊዜ የነበረው ኃይል 127 ቮልት ነው፤ ለ120ው ማሽን ቅርብ ነው። እዚህ ወሎ ውስጥ ከሳውዲ የመጣ ዕቃ ያልገባበት ቤት ስለሌለ ይሄን ሁሉም ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ምን ያህል ዕቃ ነው መጀመሪያ የተሰካ ቀን ጭስ ብሎ የቀረው! ከሳውዲ ለመጣ ዕቃ ሁሉ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳታነብ ሶኬት አታስነካው።

ትራንስፎርመር ስታብላይዘር አይደለም። የገባለትን በግማሽ ቀንሶ ያወጣል እንጂ አያስተካክልም። ማታ ማታ ሰው ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲሰካ መስመሩ 180 ቢወርድ ለማሽንህ የሚደርሰው 90 ነው። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ለቅጽበት 260 ቢዘል 130 ይደርሰዋል። ደግሞ ርካሹ ትራንስፎርመር ላይ የተጻፈው ዋት ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። ስለዚህ ቴስተር ያለው ሰው ጥራ። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጎ የትራንስፎርመሩን መውጫ ይያዝ፤ አንተ ማሽኑን ተጫን። ቁጥሩ 110 ወይም 115 አካባቢ ቆሞ ስትጫን ብዙም ካልወረደ ትራንስፎርመሩ ነፃ ነው። ስትጫን ወደ 80 ወይም 70 ካሽቆለቆለ ተሸክሞ መቆም አቅቶታል። ያኔ ጠንከር ያለ ትራንስፎርመር ተውሰህ ድገመው። በዚህ ብቻ የተነሳ ማሽን አውቃለሁ። ዲቫይደሩንም ቀይረው፤ የላላ ዲቫይደር ራሱን የቻለ በሽታ ነው።

ቀጥሎ ሃርድ ዲስኩ። ሶኬቱን ከግድግዳ ንቀል። ማሽኑን ዙረው። ከኋላ ሃርድ ዲስኩን የያዘው አዳፕተር በሁለት ብሎን ነው የታሰረው፤ በሳንቲምም ይፈታሉ። ቀስ ብለህ ሙሉውን ወደ ኋላ ሳበው። ሚሞሪ ካርዶቹን አውጣ፣ ጆይስቲኮቹን ንቀል። ባዶውን ማሽን ሰክተህ ተጫን።

አረንጓዴው ከቆየ እልል በል፤ ሥራው ቀሏል። ጥፋቱ ከዲስኩ ወይም ከአዳፕተሩ ነው። ምክንያቱን ልንገርህ። ትልቁ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ መዞር ሲጀምር ከ12 ቮልቱ መስመር ወደ 2 አምፔር ይስባል። አንዴ ከዞረ በኋላ ይቀንሳል። ሞተሩ የደረቀ ወይም የተያዘ አሮጌ ዲስክ ግን ለመዞር እየታገለ መሳቡን አይተውም። መብራት ሲሄድና ሲመጣ በሰከንዶች ውስጥ ቆሞ እንደገና ለመነሳት መገደዱ ደግሞ እንዲህ ላለ ዲስክ ትልቅ ፈተና ነው። ኃይል ሰጪው አቃተኝ ብሎ ይዘጋል፤ አንተ የምታየው ብልጭ ያለ አረንጓዴ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ዲስኩን ከአዳፕተሩ ፈትተህ አዳፕተሩን ብቻውን መልሰህ አስገባ። ከተነሳ ጥፋተኛው ዲስኩ ነው። ካልተነሳ አዳፕተሩ። ዲስኩን አትጣለው፤ ምናባዊ ካርዱ እዚያ ከሆነ ይፈለጋል።

ሰዎች «የደሴ ከፍታ ሃርድ ዲስክ ይገድላል» ሲሉ እሰማለሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አብዛኞቹ ሃርድ ዲስኮች እስከ 3,000 ሜትር ድረስ እንዲሠሩ ተብለው የተመረቱ ናቸው። ዲስክ የሚገድለው ሲዞር መንቀሳቀስና የመብራት መቆራረጥ ነው።

ባዶውም ማሽን ብልጭ ብሎ ከተመለሰ ከፍተን ማየት አለብን። እዚህ ላይ እባክህ አትቸኩል። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር በ120 ቮልት ማሽን ወደ 170 ቮልት፣ በ220ው ዓይነት ደግሞ ወደ 310 ቮልት ይዞ ይቀመጣል። ሶኬት ከነቀልክ በኋላም ይቆያል። ነቅለህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተወው። ከዚያም በኋላ ያንን ክፍል በጣት አትንካው። ቴስተር መያዝ የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ይኑር።

ከታች ብሎኖቹ በትናንሽ ክዳኖች ተሸፍነዋል፤ እንደ ሞዴሉ 8 ወይም 10 ናቸው። ክዳኖቹን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ጫፍ ነቅለህ ፍታ። ማሽኑን ቀና አድርገህ የላዩን ሽፋን ስታነሳ ግን አትገነጣጥለው። ከፊት ያሉት ሁለት ቁልፎች በቀጭን ፍላት ኬብል ከቦርዱ ጋር ተያይዘዋል። ብዙ ሰው ይቺን ኬብል በጥሶ፣ በአንዱ በሽታ ላይ ሌላ በሽታ ጨምሮ ይዞልኝ ይመጣል። አንድ እርምጃ በሄድክ ቁጥር በስልክህ ፎቶ አንሳ። ስትመልስ ታመሰግነኛለህ።

አሁን ወደ ቺፑ መጥተናል። ነገሩ ያለው እዚህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ።

ቺፑ ምን እንደሚሠራ ካወቅህ እንዴት እንደሚያስቸግር ይገባሃል። ቦርዱ ላይ ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነበው ፕሮግራም የተቀመጠበት ባዮስ የሚባል ቁራጭ አለ። ቺፑ በቀጫጭን ሽቦዎች ከባዮሱ እግሮች ጋር ይያያዛል፤ ኃይሉን ከ3.3 ቮልቱ መስመር ይወስዳል። ማሽኑ ሊነሳ ሲል በመሐል ገብቶ የራሱን ቃል ያቀብላል። ማትሪክስ ኢንፊኒቲን፣ ዲኤምኤስ4ንና የመሳሰሉትን ቺፖች ያስገባ ሰው ያውቀዋል፤ እንደ ቺፑና እንደ ቦርዱ ዓይነት ከ20 በላይ ሽቦ የሚበየድባቸው አሉ። እያንዳንዷ ሽቦ የፀጉር ያህል ናት። እያንዳንዷ ብየዳ የጤፍ ፍሬ ታክላለች። ያንን የበየደው ሰው እጁ ጥሩ ቢሆንም እንኳ፣ ማሽኑ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ያቺ ብየዳ ትለጠጣለች፣ ትሰበሰባለች። ዓመታት አልፈዋል።

የዛሬ ስንት ዓመት፣ ሥራ ስጀምር፣ ከሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ልጅ ልክ እንዳንተ ያለ ማሽን አመጣልኝ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ። ትንሽ ነካካሁትና «ቦርዱ ሞቷል» አልኩት። ልጁ ትቶልኝ ሄደ። ከወራት በኋላ ለሌላ ማሽን መለዋወጫ ልወስድበት ከፈትኩት። ቦርዱን የሚሸፍነውን ቀጭን ቆርቆሮ ሳነሳ አንዲት ቢጫ ሽቦ አብራ ተነሳች። ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ተጨፍልቃ ነበር። ልባሷ ተላልጧል፣ መዳቡ ይታያል፣ ቆርቆሮው ላይ ደግሞ ጥቁር ነጥብ አለ። በየጊዜው ቆርቆሮውን ስትነካ የኖረችበት ቦታ ነው። ሽቦዋን አስተካክዬ ናስትሮ አለበስኳት፤ ሰካሁት፤ ተነሳ። ልጁን ፈለግኩት፣ አላገኘሁትም። ዛሬም ያ ማሽን መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ ከመጣ ይወስደዋል። ከዚያ ወዲህ ቺፕ ያለው ማሽን ሲመጣ ቆርቆሮውን ሳላነሳ ቃል አይወጣኝም።

ስለዚህ አንተም ቆርቆሮውን አንሳ። በማጉያ መነጽር፣ ከሌለህ በስልክህ ካሜራ አቅርበህ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ተከተላቸው። የምትፈልገው አራት ነገር ነው። አንደኛ የተጨፈለቀ ወይም የተላጠ ሽቦ። ሁለተኛ ከቦታው የተነሳች ብየዳ፤ በእንጨት ስንጥር ቀስ ብለህ ስትነካት የምትወዛወዝ። ሦስተኛ ወደ ጎረቤት እግር የፈሰሰ የብየዳ ሊድ። አራተኛ አረንጓዴ ዝገት። ብየዳ ሲሠራ የሚቀባው ቅባት ሳይጸዳ ከቀረ እርጥበት ይይዛል፣ ከጊዜ በኋላ መዳቡን ይበላዋል፤ አንዳንዴም ኃይል ያስተላልፋል። በአልኮልና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አጽዳው። አጽድተህ እስኪደርቅ ጠብቅ።

በዓይን ምንም ካልታየህ ቺፑን ከሥራ ውጭ ማድረግ ነው። ብዙ ሰው የ3.3 ቮልቱን ሽቦ ብቻ ነቅሎ ይሞክራል። መጀመሪያ እሱን ማድረግህ ጥሩ ነው፤ ከተነሳ ነገሩ አለቀ፣ ቺፑ ነው። ካልተነሳ ግን ቺፑን ነፃ አታውጣው። ኃይል ያልደረሰው ቺፕ በሌሎቹ ሽቦዎች በኩል የባዮሱን ምልክት ወደ ራሱ ይጎትታል። ራሱ ባይሠራም ሌላውን ያሰናክላል። ቁርጡን ማወቅ የምትፈልግ ከሆነ ሁሉም ሽቦ መነቀል አለበት። ይሄ የለመደ እጅ ይጠይቃል። ቀጭን ጫፍ ያለው መበየጃ፣ ትንሽ ቅባት፣ አንድ ሽቦ አንድ ሰከንድ። ሽቦውን ሳይሞቅ ከሳብከው የቦርዱን መዳብ ይዞ ይነሳል። ያኔ እውነትም ቦርድ ገደልን ማለት ነው።

ቺፑ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ ሌላ ቺፕ አትፈልግ። ይሄ የእኔ አቋም ነው፤ ቺፕ በማስገባት እንጀራ የበሉ ጓደኞቼ ላይስማሙ ይችላሉ። አንተ ሃርድ ዲስክ አለህ። ያንተ ሞዴል ደግሞ ፍሪ ማክቡትን ይቀበላል። ሚሞሪ ካርድ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አለ። ካርዷን ሰክተህ ስታስነሳ ከሃርድ ዲስክ የሚያስጀምረውን ፕሮግራም ይከፍትልሃል። የተቀዳ ዲስክ እንደ ቺፑ አያጫውትም፤ ያ ብቻ ነው የሚቀርብህ። በምትኩ አንዲት ሽቦ ቦርድህ ላይ የለችም።

ሽቦዎቹን ስታይ የሲዲ ማንበቢያውንም ፍላት ኬብል አትርሳ። ትልቁ ነጭ ጠፍጣፋ ኬብል ነው። ማሽኑን ከዚህ በፊት ከፍቶ ሌንስ የጠረገ ሰው አዘንብሎ መልሶት ከሆነ መስመሮቹ ተዛንፈው፣ እርስ በርስ ተነካክተው ኮንታክት ይፈጥራሉ። ወደ ኬብሉ መግቢያ ያለችውን መያዣ በጥፍርህ አንስተህ ኬብሉን አውጣውና ያለ እሱ አስነሳ። ፕሌይስቴሽን 2 ያለ ማንበቢያው እስከ ዋናው ምናሌ ድረስ ይነሳል። ያኔ አረንጓዴው ከቆየ ኬብሉን ወይም ማንበቢያውን ነው የምትጠግነው። ኬብሉ ታጥፎ ከተሰነጠቀ በፕላስተር አትለጥፈው፤ ቀይረው።

ሁሉም ተነቅሎ፣ ቺፑ ወጥቶ፣ አሁንም ብልጭ የሚል ከሆነ ነው ወደ ፓወር ሰፕላዩና ወደ ቦርዱ የምንሄደው። ሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ የ12 ቮልቱን መስመር ከምድሩ ጋር በቴስተር ለካ። ኦሙ ዜሮ አጠገብ ከሆነ የሆነ ቦታ ኮንታክት አለ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ትንሽ ካፓሲተር ነው። እዚህ ላይ አንድ ስህተት እንዳትሠራ። ቴስተሩን ድምፅ በሚያሰማው ቦታ ላይ አድርገህ ትልቁ ፕሮሰሰር የሚበላበትን መስመር ብትነካ ሊጮህ ይችላል። ኮንታክት ስላለ አይደለም። የትልልቅ ቺፖች መስመር በተፈጥሮው ኦሙ ዝቅተኛ ነው። በጩኸት ብቻ ስንት ጤነኛ ቦርድ ተፈርዶበታል። ድምፁን ተወው፣ ቁጥሩን አንብብ፣ ከተቻለም ከሚሠራ ተመሳሳይ ማሽን ጋር አስተያይ።

ኮንታክት ከሌለ ፓወር ሰፕላዩ ነው የደከመው። አሮጌ ካፓሲተሮች ይደርቃሉ። ቀዩን መብራት ለማብራት ጥቂት ኃይል ይበቃል፤ ለአረንጓዴው ግን አይበቃም። ስለዚህ ነው የበራ ቀይ «ፓወር ሰፕላዩ ሙሉ ጤነኛ ነው» የማያስብለን። ማረጋገጫው ከተመሳሳይ ማሽን ፓወር ሰፕላይ ተውሶ መሞከር ነው። ያንተን ጉዳይ ሳስብ ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። መለዋወጫ ከገዛህ አይቀር የኤስሲፒኤች-39004ን ፓወር ሰፕላይ ፈልግ። የ220 ነው። መሰኪያው አንድ መሆኑን ጎን ለጎን አስቀምጠህ አረጋግጠህ ከገጠምከው ትራንስፎርመሩን ጭራሽ ትገላገለዋለህ። ግን እንደዚያ ካደረግክ ከጀርባው ላይ «220» ብለህ በማርከር ጻፍበት። ነገ ሌላ ሰው የ39001ን ጽሑፍ አንብቦ እንዳይሳሳት፣ ወይም ወንድምህ ራሱ ሲመለስ ግራ እንዳይገባው።

ሌሎቻችሁም ታነባላችሁና ጥቂት ልጨምር። ምንም መብራት የማያሳይ ወፍራም ማሽን ያላችሁ፣ ከኋላ ያለውን ዋና ማብሪያ እዩ፤ ከዚያ ፊውዙን። የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ ቁራጭ አታገናኙ። ፊውዙ የተቃጠለው ምክንያት ስላለው ነው፤ ሽቦ ከሆነ ቀጥሎ የሚቃጠለው ቦርዱ ነው። ቀጭኑ ማሽን ያላችሁ፣ አዳፕተሩ ከውጭ ከሆነ የሚያወጣው 8.5 ቮልት ነው። የላፕቶፕ አዳፕተር ጫፉ ስለገባ ብቻ አትሰኩበት። የኤስሲፒኤች-90000ዎቹ ደግሞ ፓወር ሰፕላያቸው ውስጣቸው ነው። አረንጓዴው ቆሞ ቴሌቪዥኑ ጥቁር የሚሆንባችሁ፣ ሚሞሪ ካርዷን አውጥታችሁ አስነሱ። ከታየ ካርዷ ላይ ያለው ፕሮግራም ነው የተበላሸው፤ ወይም አንድ ሰው ምስሉን 480ፒ በሚባለው የምስል ጥራት ላይ አድርጎታል። ባለ ሦስት ቀለሙ ተራ ኤቪ ገመድ ደግሞ 480ፒን አያሳልፍም። ቀንና ቋንቋ በየጊዜው የሚጠይቃችሁ፣ ውስጥ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ አልቃለች። ማሽኑ እንዳይነሳ አታደርግም፣ አትጨነቁ።

ወንድሜ፣ ትራንስፎርመሩንና ሃርድ ዲስኩን ራስህ እዚያው ኮምቦልቻ ሞክር። ማሽኑን መክፈት ከፈራህ አትክፈት፤ ይዘኸው ደሴ ና፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነኝ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ትደርሳለህ። ሃርድ ዲስኩን ከማሽኑ አውጥተህ ለብቻው በጨርቅ ጠቅልለህ በእጅህ ያዘው፤ ታክሲው ላይ ዕቃ ጋ አይጫን። ማሽኑን ደግሞ በብርድ ልብስ ጠቅልለው።

ስትመለስ አንድ ነገር አስታውስ። ደሴ ብርድ ውስጥ አድሮ፣ ያውም የጦሳ ተራራ ጭጋግ በለበሰበት ሰሞን፣ ወደ ሞቃቱ ኮምቦልቻ የወረደ ማሽን ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ከብርድ ሲገባ መነጽር እንደሚደበዝዘው ማለት ነው። ሌንሱ ላይም፣ ቦርዱ ላይም። ቤት እንደደረስክ ወዲያው አትሰካው። ከጠቀለልክበት ፈትተህ ሁለትና ሦስት ሰዓት ተወው። «ደሴ ሠርቶ ኮምቦልቻ እምቢ አለ» ብለው ከደወሉልኝ ሰዎች መካከል፣ ነገ እንደገና ሞክሩት ብዬ ሌላ ነገር ሳላደርግ የተነሳላቸው አሉ።

ስትመጣ ማሽኑን ብቻ ይዘህ እንዳትመጣ። ትራንስፎርመሩን፣ ዲቫይደሩን፣ ገመዱን፣ ካርዷን፣ ሁሉንም ይዘህ ና። ቤትህ የምትሰካበትን እንዳለ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ሰክተን እናየዋለን።